ማኅተሙ እኔ ጋ ነው

ርእሰ መምህሩ ሦስት ኮት ነበረው፤ ግራጫ፣ ቡናማ እና ለስብሰባ ብቻ የሚለብሰው ጥቁር። በሦስቱም ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ በግራው ኪስ ሥር የሳንቲም ያህል ስፋት ያለው ሐምራዊ ነጠብጣብ አለ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከጨርቅ የማይለቅ ነገር ያናድዳታል። በሎሚም በጨውም በአልኮልም ሞክራ ሲያቅታት የጥቁሩን ኮት ገበር ገንጥላ በአዲስ ተካችው። በሳምንቱ አዲሱም ሐምራዊ ሆነ።

«ይኼን ማኅተም እንደ ጡት ልጅ በጉያህ ይዘህ የምትዞረው እስከ መቼ ነው?» አለችው።

«እስከ ጡረታ።»

«እኔን ስታገባ እንኳ እንዲህ አጥብቀህ አልያዝከኝም።»

«አንቺን ማን ይሰርቅሻል?»

ያን ቀን ራቱ የቀረበለት ዘግይቶ ነው።

ማኅተሙ ክብ ነው። የእንጨት እጀታው በሰው መዳፍ ብዛት ለስልሷል። ጠርዙን ተከትሎ የትምህርት ቤቱ ስም ተቀርጿል፤ መሐሉ ላይ የተከፈተ መጽሐፍ አለ። በዚያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ እሱ ወረቀት ወረቀት አይሆንም። የተማሪ መሸኛም፣ የውጤት ካርድም፣ የመምህር ፈቃድም፣ የጠመኔ መጠየቂያም መጨረሻው እሱ ነው።

ሰውየው አስተዳዳሪ ከመሆኑ በፊት አሥራ ሰባት ዓመት ሒሳብ አስተምሯል። ያለ ኮምፓስ፣ በአንድ የክንድ ዙር፣ ሰሌዳው ላይ የተስተካከለ ክብ ይስል ነበር። የአንድም ተማሪ ደብተር ሳይታረም አድሮበት አያውቅም። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ይህን አይቶ ርእሰ መምህር አደረገው። ጎበዝ ዋናተኛ ጎበዝ ዓሣ አጥማጅ ይሆናል ብሎ እንደ ማሰብ ነው፤ ግን ማንም እንደዚያ አላሰበውም፤ እሱ ራሱም።

ከእሱ በፊት የነበረው ርእሰ መምህር ከሥራው የተባረረው በማኅተሙ ጉዳይ ነበር። ማኅተሙን በጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ትቶት ሻይ ሊጠጣ ወጣ፤ ሲመለስ ማኅተሙ እዚያው ነው። ከወራት በኋላ ግን ተምሮ የማያውቅ ሰው የትምህርት ቤቱን የውጤት ማስረጃ ይዞ ሥራ ሲጠይቅ ተያዘ። በርክክቡ ቀን ተባራሪው ማኅተሙን በመሐረብ ጠቅልሎ ለአዲሱ ሰጠና «ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልምከርህ? ከእጅህ አይውጣ» አለው። አዲሱ ርእሰ መምህር ስለ ሥራው የተማረው የመጀመሪያው ትምህርት ይኼ ነው። የመጨረሻውም ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው።

የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ራሱ ያወጣል። የላቦራቶሪው ቁልፍ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ፣ የስፖርት ዕቃው ቁልፍ ከቀበቶው ላይ ናቸው። መምህራን አርመው የመዘገቡትን ውጤት እንደገና ይደምራል። የመጣለትን ጥያቄ ሁሉ «አየዋለሁ» ብሎ ይቀበላል። ይህ የአታላይ ቃል አልነበረም፤ በእርግጥም ያየዋል። ችግሩ፣ ተማሪዎቹ አንድ ሺህ አራት መቶ፣ ዓይኖቹ ሁለት ብቻ መሆናቸው ነው። መምህራኑ ስም አወጡለት፤ ጋሽ አየዋለሁ።

«የላቦራቶሪው ቁልፍስ?» ይላል አንዱ በመምህራን ማረፊያ ክፍል።

«እየታየ ነው።»

«የተሰበረው መስኮትስ?»

«እሱም እየታየ ነው። በእሱ በኩል እኛም እየታየን ነው።»

በስድስተኛው ዓመት አዲስ ምክትል ርእሰ መምህር ተመደበችለት። ኬሚስትሪ ስታስተምር የነበረች፣ ቀስ ብላ የምትናገርና የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር የምትጨርስ ሴት ናት። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጅታ መጣች። ማን ምን ሊፈርም እንደሚችል በሰንጠረዥ ተዘርዝሯል፤ ፈቃድን ምክትሏ፣ የዕቃ መጠየቂያን የንብረት ክፍሉ፣ መሸኛን የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ።

«ከማዕረግዎ በፊት ‹ስለ› ብለን ጽፈን እንፈርማለን» አለች። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ ያቺ ሁለት ፊደል ትርጉሟ ግልጽ ነው፤ የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ ሥልጣኑ ግን የአለቃዬ ነው ማለት ናት።

«በስሜ የሚፈርም ሰው በስሜ ይሳሳታል» አለ ርእሰ መምህሩ።

«እርስዎስ በስምዎ አይሳሳቱም?»

«እሳሳታለሁ። ግን የራሴ ነው።»

ሳቀች፤ እሱም ፈገግ አለ። ከዚያም «አየዋለሁ» ብሎ ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

የትምህርት ቤቱን በር የሚጠብቀው ሰው ሻለቃ ይባላል። ከተራ ወታደርነት አልፎ አያውቅም፤ ስሙን ያወጡለት ተማሪዎች ናቸው። ጠዋት ጠዋት ርእሰ መምህሩ ሲገባ ተረከዙን አጋጭቶ፣ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ «ዳይሬክተር፣ እንዴት አደሩ?» ይላል። የመጀመሪያ ልጁ እዚያው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትማራለች። ከክፍል በፊት መጥታ ከምክትሏ ጋር የላቦራቶሪ ብልቃጦችን ታጥባለች፤ ላቦራቶሪው ሲከፈት ማለት ነው። አይታ የማትጠግበው ማይክሮስኮፑን ነበር። ትምህርት ቤቱ ያለው አንድ ብቻ ቢሆንም ሌንሱ ደህና ነው።

በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ በከተማዋ ያለው የጤና ኮሌጅ ለላቦራቶሪ ቴክኒሽያንነት ለአንድ ተመራቂ ነጻ የትምህርት ዕድል ሰጠ። የሚወዳደሩት በዚያ ዓመት የሚጨርሱ ብቻ ናቸው። ከየትምህርት ቤቱ አንድ ስም፣ በርእሰ መምህሩ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት፣ እስከ ሐሙስ የሥራ መውጫ ሰዓት የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ መድረስ አለበት። ለሻለቃ ልጅ ይህ ከብዙ ዕድል አንዱ አልነበረም። እናቷ ታማ ተኝታለች፤ ከሥሯ ሦስት ታናናሾች አሉ። ሩቅ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ቢደርሳት ትታቸው መሄድ አትችልም። ኮሌጁ ግን ከቤታቸው በእግር ሃያ ደቂቃ ነው።

ዓርብ ዕለት ምክትሏ ፎርሙን ሞልታ አመጣችው። ርእሰ መምህሩ አማካይ ውጤቱን አየ፤ ዘጠና አንድ ነጥብ አምስት። እርሳሱን አነሳና በወረቀት ጠርዝ ላይ ደመረ፣ አካፈለ።

«ዘጠና አንድ ነጥብ አራት ስድስት ነው። ማነው ያጠጋጋው?»

«የክፍል ኃላፊዋ። መመሪያው ከነጥብ በኋላ አንድ አሐዝ ነው የሚለው።»

«መመሪያውን አየዋለሁ። የውጤት መዝገቡንም አየዋለሁ።»

«ጋሼ፣ ሁለተኛ የወጣችው ልጅ እኮ ሰማንያ ስምንት ናት። በየትኛውም ቁጥር ይቺው ናት አንደኛ።»

«ቢሆንም።»

ፎርሙን በጠረጴዛው መስታወት ሥር አስገባው። እዚያ ያለ ነገር አይጠፋም፤ ገብቶ የወጣ ሁሉ ያየዋል። እስከ ረቡዕ ሁሉም አዩት።

ሰኞ ርእሰ መምህሩ በአውቶቡስ አራት ሰዓት የሚያስኬድ ከተማ ሄደ። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራን የሦስት ቀን ሥልጠና ተዘጋጅቶ ነበር፤ ርእሱም የትምህርት ቤት አመራር ክህሎት ነው። አሠልጣኟ አጠር ያለች፣ ጠመኔ በጣቶቿ መሐል እያሽከረከረች የምትናገር ሴት ናት። በሁለተኛው ቀን፣ ሥራን በውክልና ስለ መስጠት ስታስተምር፣ ድንገት ጠመኔዋን አቆመች።

«እስቲ ማኅተሙ አሁን ኪሱ ውስጥ ያለ ሰው እጁን ያውጣ።»

ከፊት አንድ እጅ ወጣ። ከዚያ ሁለት፤ ከዚያ ሳቅ ተነሣና እጆች ተግተለተሉ። ከአርባው ሃያ ሦስቱ እጃቸውን አወጡ። ርእሰ መምህሩም አወጣ።

«ስለዚህ ትምህርት ቤቶቻችሁ ዛሬ ተዘግተዋል?»

«ኧረ ክፍት ናቸው!» አለ አንዱ።

«ማን ከፈታቸው?»

«ዘበኛው!» አለ ከኋላ የተቀመጠ ወፍራም ሰው፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ርእሰ መምህሩ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ማስታወሻ ደብተሩ ላይም «አለቃ ማለት በሌለበት ቀን ሥራው የማይቆም ሰው ነው» ብሎ ጻፈና ከሥሩ በማስመሪያ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ረቡዕ ለምሳ ሲወጡ ስልኩ ጮኸ። ምክትሏ ናት። ከበስተጀርባዋ የአውቶቡስ ረዳቶች የሚጠሩት የከተማ ስም ይሰማል።

«ጋሼ፣ የሻለቃን ልጅ ፎርም ከመስታወቱ ሥር አውጥቼዋለሁ። እኔ ልፈርምበት። ማኅተሙ የት ነው?»

«ማኅተሙ እኔ ጋ ነው።»

ረዳቱ አንድ ከተማ ሦስት ጊዜ ጠራ።

«ነገ እኮ ሐሙስ ነው።»

«አውቃለሁ። ሥልጠናው ዛሬ ያልቃል። ነገ በጠዋት ምስክር ወረቀቱን እንደ ተቀበልኩ እነሳለሁ፤ ከቀትር በኋላ እዚያ ነኝ።»

«እኔ ያለሁት መናኸሪያ ነው፤ ሻለቃም አብሮኝ ነው። አሁን ቢሳፈር ሲመሽ እርስዎ ጋ ይደርሳል። እዚያው አድሮ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ይመለሳል። ፎርሙን ይዞ ይመጣል፤ ይምቱበት፤ ካልሆነም ማኅተሙን ብቻ ይስጡት።»

«ለዘበኛ?»

«ለአባቷ» አለች።

ርእሰ መምህሩ የያዘውን የዳቦ ሳህን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ። «መዝገቡን ሳላይ ፎርም ላይ አልመታም፤ ማኅተምም በሰው እጅ አይላክም። እኔ ራሴ ደርሼ አየዋለሁ» አለና ስልኩን ዘጋ።

ሐሙስ ጠዋት ምስክር ወረቀቱን የሚፈርሙት የቢሮ ኃላፊ ዘገዩ። አንድ ሰዓት ተጠበቁ፤ ሁለት ሰዓት ተጠበቁ። ርእሰ መምህሩ ሰዓቱን ያያል፣ ስም ዝርዝሩን ያያል፣ ቦርሳውን ያነሳና መልሶ ያስቀምጣል። ትቶት መሄድ ይችል ነበር፤ ምስክር ወረቀት በኋላም በፖስታ ይላካል። ግን ከሦስት ቀን ሥልጠና ያለ ወረቀት መመለስ ለእሱ ሥልጠናውን እንዳልወሰዱ መቁጠር ነው። በመጨረሻ ወረቀቶቹ ተፈርመው መጡ፤ ስሙ ተጠራ፤ ተጨበጨበለት፤ ወደ መናኸሪያ ሮጠ። አውቶቡሱ ግማሽ መንገድ ላይ ጎማው ፈነዳ። ከተማዋ ሲገባ ጽሕፈት ቤቱ ከተዘጋ ግማሽ ሰዓት ሆኖታል።

እንደዚያም ሆኖ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ። ከቢሮው በር ውጭ ባለው አግዳሚ ላይ ሦስት ሰው ተቀምጧል፤ ምክትሏ፣ ሻለቃ፣ ልጅቷ። የደንብ ልብሷ ተተኩሷል። ማንም አልተነሣም። ርእሰ መምህሩ በሩን ከፈተ፣ ፎርሙን ከምክትሏ ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፣ ፈረመበት፣ ማኅተሙን ከኪሱ አውጥቶ ሁለቴ ተነፈሰበት፣ መታ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንዲህ ጥርት ብሎ ወጥቶለት አያውቅም። የመጽሐፉ ገጾች እንኳ ይታያሉ።

ዓርብ በጠዋት ፎርሙን ራሱ ይዞ ጽሕፈት ቤቱ ሄደ። የመዝገብ ሠራተኛው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ አየው።

«ማኅተሙ ቆንጆ ነው» አለ። «ቀኑ ግን ትናንት አልቋል።»

ዕድሉ ለሌላ ትምህርት ቤት ተማሪ ደርሷል። ሠራተኛው ማንም ሳይጠይቀው የልጅቷን አማካይ ነገረው፤ ሰማንያ አራት ነጥብ ሁለት። ርእሰ መምህሩ ወደ ቤቱ ሲሄድ ልዩነቱን አሰላ። ሰባት ነጥብ ሦስት ነው፤ ወይም፣ ካላጠጋጉት፣ ሰባት ነጥብ ሁለት ስድስት።

ለሚስቱ ነገራት። የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«‹ለዘበኛ› ነው ያልከው?»

«አዎ።»

«የእኔ አባት ምን ነበር?»

አባቷ ሠላሳ ዓመት የእህል መጋዘን በር ጠብቆ ነው ያሳደጋት። ሚስቱ መልሱን አልጠበቀችም። መኪናዋን እንደገና አስነሣች። ከዚያ ቀን ወዲህ የኮቱን ገበር ለመቀየር አልሞከረችም።

ሰኞ ጠዋት ሻለቃ እንደ ወትሮው በሩን ከፈተለት። «ዳይሬክተር፣ እንዴት አደሩ?» አለው፤ ቃሉም ድምፁም ያው ነው። እጁ ግን ወደ ግንባሩ አልወጣም፤ ተረከዙም አልተጋጨም። ማክሰኞም እንዲሁ። ርእሰ መምህሩ አስተዋለ፣ አልጠየቀም። ልጅቷ የመጨረሻውን ፈተና አልፋ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት፤ አልሄደችም። ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ባለው የፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠረች። ከዚያ በኋላ ባሉት አራት ዓመታት ርእሰ መምህሩ በየጠዋቱ አባቷን በግራ፣ እሷን በቀኝ እያየ ነው ወደ ሥራው የሚገባው።

ያን ጊዜ ማኅተሙን ለምክትሏ ሰጠ ቢባል ታሪኩ ያምር ነበር። አልሰጠም። የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አስለብጦ ግድግዳው ላይ ሰቀለ፤ ማስታወሻ ደብተሩን ደጋግሞ አነበበ፤ የምክትሏንም ሰንጠረዥ ሁለት ሦስት ጊዜ ከመሳቢያው አውጥቶ አየው። ምክትሏ ትክክል እንደ ነበረች ያውቃል። ግን ማኅተሙን ዛሬ መስጠት፣ ያን ረቡዕ መስጠት ይቻል ነበር ብሎ መመስከር ነው። ስለዚህ ማኅተሙ ኪሱ ውስጥ እንደሆነ ቀረ። በእነዚያ ዓመታት «አየዋለሁ» የሚለውን ቃል ግን ቀነሰ፤ «እሺ» ማለት ጀመረ። መምህራኑ ልዩነቱን አላወቁትም፤ ወረቀቱ የሚወጣው ያው በስንት ጊዜው ነውና።

የጡረታው ቀን መጣ። በእሱ ቦታ የተሾመችው ምክትሏ ናት። ርክክቡን ፈርመው ሲጨርሱ ማኅተሙን በመሐረብ እንደ ተጠቀለለ ከኪሱ አወጣው። አንድ ነገር ሊመክራት አፉን ከፈተ። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የሰማው ምክር ምላሱ ላይ ነበር፤ ዋጠው።

ማኅተሙን ፈታችና መሐረቡን አጥፋ መለሰችለት። «ይኼ የእርስዎ ነው።» ከዚያ ጸሐፊዋን ጠራች። ጸሐፊዋ ቁልፍ ያለው ትንሽ የብረት ሣጥንና አንድ አዲስ መዝገብ ይዛ ገባች። መዝገቡ በመስመር ተከፋፍሏል፤ ማን መታው፣ ምን ላይ፣ መቼ። ማኅተሙ ሣጥኑ ውስጥ ገባ፣ ተቆለፈ፣ መዝገቡ ላይ ተጻፈ። ሁሉም ነገር አራት ደቂቃ አልፈጀም።

«ይኼው ነው?» አለ ርእሰ መምህሩ።

«ይኼው ነው፣ ጋሼ።»

ድምፅዋ ውስጥ ድል አልነበረም። ቢኖር ይሻለው ነበር።

ሁለት የሒሳብ መጻሕፍቱን፣ የእንጨት ማስመሪያውንና የሻይ ብርጭቆውን ካርቶን ውስጥ ከተተ። የምስክር ወረቀቱን ከግድግዳው ሲያወርድ አቧራውን በእጅጌው ጠረገው፤ ያን ጊዜ ነው ፊርማውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው። ከቢሮ ኃላፊው ማዕረግ በፊት፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በእጅ የተጻፈች ሁለት ፊደል አለች፤ ስለ። ኃላፊው ያን ሐሙስ አልመጡም ነበር። ሌላ ሰው ፈርሞላቸዋል። አርባዎቹም ወረቀታቸውን ተቀብለው ሄደዋል፤ የማንም ወረቀት ውድቅ አልሆነም።

ካርቶኑን ይዞ ወጣ። በሩ ላይ ሻለቃ ቆሟል።

«ሻለቃ» አለ፤ ካርቶኑን መሬት አስቀመጠና ቆመ። «ያን ቀን… መናኸሪያ ሆናችሁ የደወላችሁልኝ ቀን… በስልኩ ላይ…»

«ሰምቼዋለሁ፣ ዳይሬክተር» አለ ሻለቃ። «ስልኳ ድምፁ ትልቅ ነው።»

ሁለቱም ወደ መንገዱ አዩ። አንድ ጋሪ አለፈ።

«ካርቶኑን ልያዝልዎት?»

«አይ፣ ቀላል ነው።»

መንገዱን ተሻገረ። ለጡረታው ማመልከቻ የልደት ማስረጃውንና የቅጥር ደብዳቤውን ሁለት ሁለት ቅጂ ማስነሣት ነበረበት፤ ከተማዋ ውስጥ ሌላም ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። ልጅቷ ከማሽኑ ኋላ ናት። ጸጉሯን ወደ ኋላ አስራለች፤ አውራ ጣቷ በቀለም ጠቁሯል።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በሁለቱም ገጽ ነው?»

«በሁለቱም። ሁለት ሁለት።»

የማሽኑ ብርሃን በክዳኑ ጠርዝ እየወጣ ፊቷን ያበራዋል፣ ይተወዋል። ርእሰ መምህሩ ለዚህ ሰዓት ያዘጋጀው ነገር ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ ደምሮ ቀንሶታል። አሁን ግን ከመጨረሻው ጀመረ።

«ኮሌጁ የማታ ትምህርት ከፍቷል። የላቦራቶሪ ነው። በማንኛውም ዓመት የጨረሰ ይገባል። ከትምህርት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ነው የሚፈልጉት፤ አዲሷ ርእሰ መምህርት ዛሬውኑ ትጽፍልሻለች። ማኅተሙም… ማኅተሙ እዚያው ነው። አሁን ሣጥን ውስጥ ነው።»

ወረቀቶቹን ሰበሰበች፣ ጠርዛቸውን በጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጋ አስተካከለች። ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ ላይ ቂም አልፈለገም፤ ፈልጎም ቢሆን አላገኘም። የሚታየው ከጠዋት ጀምሮ የቆመ ሰው ድካም ነው።

«አየዋለሁ፣ ጋሼ» አለች።

ወረቀቶቹ ከማሽኑ እንደ ወጡ ገና ትኩስ ነበሩ። ርእሰ መምህሩ ይዟቸው ቆመ፤ የሚጨመር ነገር ይኖር እንደሆነ ጠበቀ። ልጅቷ ግን ዓይኗን ከእሱ አሳልፋ ወደ ባለተራው አዙራለች። ከኋላው ሰዎች ተሰልፈዋል። አንዱ ጎልማሳ ፎርሙን እንደ ማራገቢያ እያወዛወዘ ትከሻውን ነካ አደረገው።

«አባባ፣ ጨርሰዋል?»